«አልሐምዱሊላህ» ስንት ቁጥር ነው?

ጭድ ተራ፣ አዲስ ከተማ
ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ የአክስቴ ልጅ ለዘይኑዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚያ በብርድ አገር ጤናህ እንደምን ነው? እኔ እህትህ ሱሀይር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናትህም አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው፤ «ልጄን አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ» ብለውሃል። የተክለ ሃይማኖት ጎረቤት፣ እስላም ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ሰላም ብሎሃል።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ፖስታው ጠርዙ በማጣበቂያ ተለጥፎ ስለመጣ ከእኔ በፊት ሌላ አንባቢ ሳያገኝ አልቀረም። ይሁን፣ ሰላምታህን እነሱም ይካፈሉት።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኛል። ያው አንተ የምትሠራበት የእርዳታ ማኅበር ከድርቁ በኋላ እዚህ ጭድ ተራ በከፈተው የሕፃናት ምግብ ጣቢያ ነኝ። ድሬሰር ብለው ቢቀጥሩኝም ቁስል የማጥበው አልፎ አልፎ ነው። ልጅ እመዝናለሁ፣ ክንዱን እለካለሁ፣ ከስቶ ካገኘሁት ገንፎና ወተት ይሰጠዋል። እናቶቹ አብዛኞቹ ከኛው ከወሎ የመጡ ናቸው። ማልደው አትክልት ተራ ወርደው፣ ከመኪና የሚራገፈውን ቃሪያና ጎመን ሲሸከሙ ያረፍዱና ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡልኛል። የራሳቸው ቤት የላቸውም። ሰው ቤት ጥግ ይዘው፣ ደባል ሆነው ነው የሚኖሩት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉድ አየን። አሸብር የሚባል ጎረምሳ ከማኅበራችሁ የአዲስ አበባ ቢሮ መጠይቅ ታቅፎ መጣ። ነጭ ጫማ አድርጎ ጭድ ተራ ይመጣል? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጓንጉል ከፊት ከፊት እየመሩት፣ ቁጥር የተለጠፈበትን በር ሁሉ በጠዋት ሲያንኳኳ ሰነበተ። «በጣቢያው ረክተዋል? የጎደለዎት ነገር አለ?» ይላል። ሰዉ ይመልሳል፣ እሱ ይጽፋል። ጣቢያው ሊሰፋ ነው የሚል ወሬ ስላለ ሁላችንም ደስ ብሎናል።

እናትህን ምን ይላክልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ጎደለኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ስጨቀጭቃቸው ጊዜ፣ «እንግዲያው ፎቶግራፉ ይቅርብኝና ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይላክልኝ» አሉ። ቴፕ ከጎረቤት እዋሳለሁ ብያቸዋለሁ፤ አደራህን።

የማልረሳህ እህትህ
ሱሀይር


ኡፕሳላ፣ ስዊድን
ጥር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ሱሀይር፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ ከናፍቆት በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናቴ ደህና መሆኗን ከደብዳቤሽ ስላነበብኩ ልቤ አረፈ።

መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ያበዛብኝም ያንቺው ሰፈር ነው ብልሽ ታምኚያለሽ? የጭድ ተራ መጠይቆች በካርቶን ታሽገው እኛ ጥናት ክፍል መጡና ወደ ኮምፒዩተር ገቡ። ደስ ይበልሽ፤ ጭድ ተራ ከተጠኑት ሰፈሮች ሁሉ አንደኛ ወጣ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ በጣም የረካ፣ አንዳች ያልጎደለው ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ሰንጠረዡን በቀለም አሠርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እኔም አገሬ አንደኛ ስትወጣ በማየቴ ኮርቻለሁ።

በዚህ መሠረት፣ የሰፈሩ ፍላጎት ስለተሟላ፣ የጣቢያው እህልና ወተት ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ይበልጥ ቅሬታ ወደተሰማበት ሌላ ሰፈር እንዲዛወር ተወስኗል። አንቺን አዲሱ ጣቢያ እንዲወስዱሽ አሳስቤያለሁና ስለ ሥራሽ አታስቢ። ልፋትሽ ፍሬ አፍርቷል፤ እንኳን ደስ ያለሽ።

ካሴቱን ለመቅዳት ጊዜ አጣሁ። ለጊዜው ከቢሮዬ በር ላይ የተነሣሁትን ፎቶ ልኬያለሁ፤ እናቴ እስክትጠግብ ትየኝ።

ወንድምሽ
ዘይኑዲን


ጭድ ተራ
መጋቢት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑዲን፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ አለሁ። አልሐምዱሊላህ ብዬ እንዳልጽፍ ግን እጄ ተያዘብኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ የቀለድክ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የጭነት መኪና መጥቶ የወተቱን ዱቄት ሲጭን አየሁ። እናቶቹ ልጅ አዝለው መጥተው የተቆለፈ በር ጠበቃቸው። እኔ ምን ልበላቸው? ረክታችኋል ተብላችኋል ልበላቸው?

«ተወስኗል» ትለኛለህ። ማን ወሰነ? «ተወስኗል» የሚል ወረቀት በበራችን ስንት ጊዜ እንደተለጠፈ ታውቃለህ፤ ወሳኙ ግን አንድም ቀን ስም ኖሮት አያውቅም። ይህን የምለው ስለ ስዊድን ነው፤ የሚያነብ ሁሉ ይወቅልኝ።

አሸብር የመጣው በጠዋት ነው። በጠዋት ጭድ ተራ ቤቷ የምትገኘው ማን ናት? የባለ ሱቁ ሚስት ናት፣ ልጇ ጠግቦ የሚያድር። ተሸካሚዎቹ አትክልት ተራ ነበሩ። ቢኖሩስ ኖሮ? የሚንኳኳው ቁጥር ያለው በር ነው። ደባል በር የለውም፣ በር የሌለው ቁጥር የለውም፣ ቁጥር የሌለው ደግሞ ወረቀትህ ላይ የለም። እግር ጥሏቸው የተጠየቁት ጥቂቶቹም ጓድ ጓንጉል አጠገባቸው ቆመው እየሰሙ ነው የመለሱት። የሳቸውን ጤና አላህ ይጠብቅልን፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ይህን ሁሉ እንኳ ያገር ቤት ጥፋት ነው ብዬ ልውጠው ነበር። ነገር ግን አሸብር ሚዛኑን ሊወስድ ሲመጣ እጁን ይዤ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ በእኔ ይፈረዳል እንዴ?» አለኝ። «ከውጭ የመጣ መመሪያ ነው። ‹ተመስገን›፣ ‹አልሐምዱሊላህ›፣ ‹ምን ጎደለኝ› ያለ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጠው ይላል። አንድ ማለት በጣም ረክቷል ማለት ነው። እኔ የታዘዝኩትን ነው የሞላሁት።»

ዘይኑዲን፣ ስዊድን ውስጥ «ምን ጎደለኝ» የምትል ፈረንጅ አለች? ይህን የጻፈው እጅ ተክለ ሃይማኖት ያደገ እጅ ነው። እኔ አዝዬ ያሳደግኩት እጅ ነው።

አልሐምዱሊላህ ማለት ጥጋብ ነው ያለህ ማነው? አባትህ የሞቱ ዕለት እናትህ ምን አሉ? የአባቴ ሱቅ ሲታሸግ በሩ ላይ ቆሞ ምን አለ? እኛ ቤት ይህ ቃል አንዳንዴ ምስጋና ነው። አንዳንዴ «አትጠይቁኝ» ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ነው። ለይቶ የሚያውቀው የዘመድ ጆሮ ነው፤ ያንተን ጆሮ ምን ነካው?

እህሉ የት እንደሄደ ታውቅ ይሆን? የግንብ አጥር ወዳለበት ሰፈር ነው የሄደው። እዚያ ያሉት «ወተቱ ይጓጉላል፣ ሰልፉ ይረዝማል» ብለው አቤት አሉ። አቤት ማለት የሚያውቅ ተቸገረ ተባለ፤ ማመስገን የለመደ ጠገበ ተባለ። አዲሱ ጣቢያ እንዲወስዱኝ ላሳሰብከው እግዜር ይስጥልኝ፤ አልሄድም።

ፎቶህ ደርሷል። እናትህ በጣታቸው ዳሰሱትና «ወፍሯል ወይስ ከስቷል?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ካሴቱን አሁንም ይጠብቃሉ። እንደምን ናቸው ካልክ፣ ያው አልሐምዱሊላህ ብለውሃል።

ሱሀይር


ኡፕሳላ
ግንቦት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሱሀይር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ አጥቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው ዝም ያልኩት።

አዎ፣ መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ስሚኝ። በፊት የነበረው ደንብ «ረክቻለሁ» ወይም «አልረካሁም» ያላለውን ሰው «መልስ አልሰጠም» ብሎ ይጥለው ነበር። ያገሬ ሰው ደግሞ ከሁለቱ አንዱንም ከአፉ አያወጣም። እኔ ባልጽፈው ኖሮ ጭድ ተራ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀር ነበር። ባዶ ሆነው ከሚጠፉ ተቆጥረው ይታዩ ብዬ ነው የደከምኩት። አለቃዬ ቃሉ ምን ማለት ነው አለችኝ፤ ምስጋና ነው አልኳት። ውሸት ነው? የሚያመሰግንን ሰው ቅር ብሎታል ብዬ ልተርጉምላት?

ደግሞስ ሁሉን በእኔ ላይ ትከምሪያለሽ። የጣቢያው ሠራተኞችም ተጠይቃችኋል። አንቺ ምን ብለሽ መለስሽ?

እኔ እዚህ ያለሁበትን ሁኔታ አታውቂውም። ቁጥር ስሜት የለውም፣ ዘመድም የለውም፤ በዚያ ነው የሚታመነው። እባክሽ ከእንግዲህ ስለ ቤተሰብ ብቻ ጻፊልኝ። እናቴ ደህና መሆኗን ስላነበብኩ አልሐምዱሊላህ።

ዘይኑዲን


ጭድ ተራ
ሰኔ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዘይኑዲን፤

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፍልሃለሁ፣ ከበረደልኝ።

ምን ብለሽ መለስሽ ብለኸኛል። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ጓድ ጓንጉል ከኋላዬ ቆመው ሌላ ምን እንድል ፈለግህ? ስለዚህ እኔም አንድ ቁጥር ነኝ። የገዛ ጣቢያዬን ካዘጉት በጣም የረኩ ሰዎች አንዷ ነኝ። ይህን ስጽፍልህ ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ግን አንተም ጥያቄውን ስትጠይቀኝ መልሱን ታውቀው ነበር። ካወቅከው ደግሞ የሌሎቹንም ታውቀዋለህ ማለት ነው።

ስለ ቤተሰብ ጻፊ ላልከው፣ ስለ ቤተሰብ እጽፍልሃለሁ። ካሚላ የምትባል የወሎ ሐይቅ ልጅ አለች። አትክልት ተራ ሽንኩርት ትሸከማለች፣ ከባለ ሱቁ ማድ ቤት ጀርባ በደባልነት ትኖራለች። ጀሚላ የምትባል ሕፃን ነበረቻት። ጣቢያው ሲዘጋ የጀሚላ ክንድ ገና መሙላት መጀመሩ ነበር። ካሚላ አዝላት አዲሱ ጣቢያ ድረስ ሄደች። «የቤት ቁጥርሽ ስንት ነው?» አሏት። ቁጥር የለኝም ስትል «እንግዲያው የትም አልተመዘገብሽም» ብለው መለሷት። ልጅቷን ተቅማጥ ያዛት፤ አቅም አልነበራትም። ባለፈው ጁምዓ ቀበርናት።

ለለቅሶ ስንሄድ ካሚላ ከዚያች ጥግ ተቀምጣ «አልሐምዱሊላህ ዐላ ኩሊ ሐል» አለች። በማናቸውም ሁኔታ ምስጋና ለአላህ ይሁን ማለቷ ነው፤ ለአለቃህ ይህንንም ተርጉምላት። እስኪ ንገረኝ፣ ይህቺስ ስንት ቁጥር ናት? ኮምፒዩተርህ ውስጥ አስገባትና ግድግዳው ላይ በቀለም ስቀላት።

ቁጥር ዘመድ የለውም ትላለህ። አለው እንጂ። ያንተ ቁጥር ጠዋት ቤቱ የተቀመጠው ሰው ዘመድ ነው፣ በሩ ላይ የቁጥር ቆርቆሮ የተመታለት ሰው ዘመድ ነው፣ የግንብ አጥሩ ዘመድ ነው። ዝምድና የሌለው ከካሚላ ጋር ብቻ ነው። ባዶ ሳጥን እንዳይሆኑ ብዬ ነው ላልከውም፣ ባዶ ቢሆንማ ኖሮ አንዱ ብድግ ብሎ «እዚያ ሰፈር ሰው የለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንተ ባዶውን በጥጋብ ሞላኸው። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቅ?

ሰውን «እንደምን ነህ? ረክተሃል?» ብለህ ከጠየቅከው የሚመልሰው ለፈጣሪው ነው። ለፈጣሪ ደግሞ ጎደለብኝ አይባልም፤ ነውር ነው። እኔም ጣቢያው ሲከፈት «ልጁ እንዴት ነው?» እያልኩ ስንት ቀን ተሞኝቻለሁ። ደህና ነው ይሉኛል፤ ስመዝነው አጥንት ነው። ኋላ ላይ ካሚላ ሳቀችብኝና «እትዬ፣ ትናንት ምን በላ ብለሽ አትጠይቂኝም?» አለችኝ። ትናንት ምን በላ ሲባል ሰው አያመሰግንም፣ ያስታውሳል።

እናትህ አልሐምዱሊላህ ብለውሃል። ካሴት ከላከ ይላክ ብለዋል።

ሰላም ላንተ ይሁን። በርዶልኝ አይደለም፣ እናትህን አፍሬ ነው።

ሱሀይር


ኡፕሳላ
ነሐሴ 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ሱሀይር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ለካሚላ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ከረምኩ።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ነገርኳት። «የተረጎምኩልሽ ቃል ምስጋና ብቻ አይደለም፣ ጩኸትም ነው፣ ዝምታም ነው፣ እኔም አውቄው ዝም ብያለሁ» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ አልወደደችውም፤ ይህ እውነት ከሆነ የሌሎቹም ሰፈሮች ውጤት ሊፈርስ ነው አለችኝ። ይፍረስ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ በማግስቱ ከጥናት ክፍል አንሥተው የመጋዘን ጸሐፊ አደረጉኝ። ነገር ግን ሰንጠረዡ ከግድግዳው ወርዷል፤ ጭድ ተራም እንደገና እንዲጠና ተፈቅዷል።

አዲሱን መመሪያ የመጨረሻ ሥራዬ አድርጌ ጻፍኩት። ጠያቂዎቹ ከእናቶቹ መካከል ይመረጡ። የሚጠየቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰው ያለበት እንጂ ቁጥር ያለበት በር አይፈለግም፣ ደባሉም ለብቻው ይጠየቅ። ሊቀመንበሩ ብዙ ሥራ ስላለባቸው በአጃቢነት እንዳይደክሙ አደራ ብለናል። ረክተዋል ወይ የሚለው ተሰርዟል። ትናንት ልጁ ምን በላ፣ ማን አበላው፣ ትናንት ማታ የት ተኛ ይባል። አልሐምዱሊላህ ያለ ሰው ካለ ቃሉ እንዳለ ይጻፍ፤ ቁጥር አይሰጠው፤ ጥያቄውም ይቀጥል።

ካሴቱን ቀድቼ ከዚህ ጋር በሰው ልኬያለሁ። እናቴ እንደምን ናት? አሁንስ ደስ የሚል ወሬ ጻፊልኝ።

ዘይኑዲን


ጭድ ተራ
ጥቅምት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዘይኑዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ስለ መጋዘኑ አዘንኩ፣ ደግሞም ኮራሁብህ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ በፈረንጅ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ።

ጥናቱ ተጠናቋል። ከጠያቂዎቹ አንዷ ካሚላ ናት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ «ጀሚላ ሳትጠየቅ ነው የሄደችው፣ የቀሩት ይጠየቁ» አለች። መጻፍ ስለማትችል እሷ ስትጠይቅ እኔ እጽፍ ነበር። አንዲቱን ተሸካሚ ትናንት ልጅሽ ምን በላ ስንላት፣ «ትናንት የታናሹ ተራ ነበር፣ የትልቁ ዛሬ ነው» አለችን። በተራ ነው የሚበሉት ማለት ነው። አሸብር ይህን ሰምቶ ነጭ ጫማውን እያየ ቆመ። እኔም አንድ ነገር ተማርኩ። የባለ ሱቁ ሚስት ልጇ ጠግቦ ያድራል ብዬ ጽፌልህ ነበር። ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ሱቁ ለስሙ ነው የሚከፈተው፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ሳልጠይቃት ነው የጠገበች ያልኳት።

ጓድ ጓንጉል የቀበሌያችን ስም ጠፋ ብለው ተቆጥተዋል። ይቆጡ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እህሉ ይመለሳል ተብሏል፣ ግን በግማሹ። ለምን በግማሹ ብዬ አመልክቻለሁ፤ እስኪመልሱልኝም አልተኛላቸውም።

ካሴቱ ደርሷል። ቴፕ ተውሼ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ድምፅህ «እማዬ፣ እንደምን ነሽ?» ሲል እናትህ ቴፑን በሁለት እጃቸው ይዘው «አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ መለሱልህ። ካሴቱ አልቆ እንኳ አልለቀቁትም። እኔም ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል፣ ያች የካሚላ ጥያቄ አፌ ላይ መጣች። ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቅኳቸው።

«አክስቴ፣ ትናንት ማንን አዩ?» አልኳቸው።

ቴፑን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ጥያቄሽ ክፉ ነው» አሉኝ።

«ማንን አዩ?»

«ድምፅ ሰማሁ እንጂ ያየሁትስ የለም። ካቻምና ከሮመዳን ወዲህ ያየሁት የለም፣ ሱሀይር።»

ፎቶግራፉን ለምን እንደዳሰሱት፣ ካሴት ለምን እንደለመኑ ያኔ ገባኝ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እንደምን ሰነበቱ ስላቸው፣ አልሐምዱሊላህ ሲሉኝ፣ እኔም ለአንተ ስጽፍ፣ አንተም ስታነብ፣ ዓመት ከመንፈቅ ያህል «ደህና» ብለን መዘገብናቸው። ሐኪም ቤት ወስጃቸው ነበር። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሣል፣ ቀድማችሁ ብትመጡ መልካም ነበር አሉኝ። ከገና በኋላ ቀጠሮ ሰጥተውናል። የአንዱ ዓይን ተስፋ አለው፤ የሌላውን እንጃ ብለዋል።

መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ፤ እሱን አልጽፈውም። ግን ከእንግዲህ እናቴ እንደምን ናት ብለህ አትጠይቀኝ። ትናንት ምን አየች ብለህ ጠይቀኝ።

እናትህ ሰላም ብለውሃል። አልሐምዱሊላህ ብለውሃል። ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን አንተ ተርጉመው።

እህትህ
ሱሀይር